ጆሮ ሲጮህ፦ ድምፅን በድምፅ የማስታገሥ ጥበብ ታሪክ

በሰው ላይ ከሚደርሱት ደዌያት ሁሉ ምስክር የማይገኝለት አንድ ቢኖር የጆሮ ጩኸት ነው። ቁስል ይታያል፥ ትኩሳት በእጅ ይዳሰሳል፥ ሳል ከጐረቤት ይሰማል፤ ከውጭ የሚጮህ ነገር ሳይኖር በገዛ ጆሮው ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚያፏጭ፥ የሚያጓራ ወይም እንደ ደወል የሚያቃጭል ድምፅ የሚሰማ ሰው ግን፥ አጠገቡ የተቀመጠ ወንድሙ እንኳ ያን ድምፅ ሊካፈለው አይችልምና፥ ሕመሙ አንድ ሳለ ሁለት ይሆንበታል፤ አንዱ ጩኸቱ፥ ሁለተኛው «ኧረ ምንም የለም» መባሉ። ሐኪሞች በላቲን ስሙ ቲኒተስ የሚሉት ይህ ደዌ አዘውትሮ የሚመጣው የመስማት ኃይል ሲቀንስ ነው፤ እርጅና፥ የመድፍና የጠመንጃ ተኵስ፥ የፋብሪካ ሁካታ፥ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጡታል። በ2022 ዓ.ም. የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓለም ካሉት ጐልማሶች ከመቶው 14 ያህሉ የጆሮ ጩኸት እንደሚሰማቸው፥ ከመቶው 2 ያህሉ ደግሞ በብርቱ እንደሚሠቃዩበት ገምቷል። ለዚህ ደዌ ፍጹም ፈውስ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ነገር ግን ድምፅን በድምፅ ማስታገሥ የሚባል አንድ ጥንታዊ ሐሳብ ከፈላስፎች ጥያቄ ተነሥቶ፥ በምድጃ እሳትና በውኃ ወፍጮ፥ በፒያኖና በኤሌክትሪክ መሣሪያ አልፎ እስከ እኛ ዘመን የደረሰ፥ ብዙ ሕሙማንን ያሳረፈ፥ ሊቃውንትንም ለረጅም ዘመን ያከራከረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በየዘመኑ ቅደም ተከተል መተረክ የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጥንታውያኑ ምስክሮች አንዱ የሚገኘው በነቢዩ ዮናስ ስብከት ስሟን በምናውቃት በነነዌ ነው። የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ባከማቻቸው የሸክላ ጽላት መካከል፥ ጆሮው የሚዘምርበት ወይም የሚናገርበት ሰው ምን ይደረግለት ዘንድ እንደሚገባ የሚያዝዙ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ጽላት ጩኸቱን የሙታን መንፈስ እጅ ሰውን ሲይዝ የሚያመጣው ነው ስለሚሉ፥ ሐኪሙ አስማት ይደግማል፥ ከዕፀዋትም የተቀመመ መድኃኒት ወደ ጆሮ ያስገባል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሮማዊው ታላቁ ፕሊኒዮስ፥ ጆሮው የሚጮህበት ሰው በሌለበት ስሙ እየተነሣ መሆኑን ያውቃል የሚለውን የሕዝብ እምነት ጽፎልናል፤ በእኛም አገር ጆሮው ሲጮህበት «ማን እያማኝ ይሆን?» የሚል ሰው አይጠፋምና፥ ይህ እምነት የአንድ ሕዝብ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ለዚህ ታሪክ መነሻ የሚሆነው ግን በአርስጣጣሊስ ስም የሚጠራው የጥያቄዎች መጽሐፍ ነው፤ እርሱንም ሊቃውንት ፈላስፋው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የተነሡ ደቀ መዛሙርቱ ጭምር እንደ ጻፉት ይናገራሉ። ስለ ጆሮ በሚናገረው በ32ኛው ክፍል ጸሓፊው፥ በጆሮ ውስጥ ያለው ጩኸት ከውጭ ድምፅ ሲሰማ ስለ ምን እንደሚጠፋ ይጠይቅና፥ ምናልባት ብርቱው ድምፅ ደካማውን ስለሚያባርረው ይሆናል የሚል ግምት ይሰጣል። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች ተዋሕደዋል። አንደኛው በልምድ የታየው እውነት፥ ይኸውም የውጭው ድምፅ የውስጡን ሊሰውረው መቻሉ ነው፤ ሁለተኛው ማብራሪያው፥ ይኸውም በጆሮ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይታገላሉ፥ ድልም የብርቱው ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዛሬም ጸንቶ ይኖራል፤ ሁለተኛው ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይመረመር ከኖረ በኋላ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት ተፈትኖ ወደቀ። ይህ ሁሉ ትረካ በእውነቱ የእነዚህ የሁለቱ የመለያየት ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ተኝቶ ኖረ። ሐኪሞች ጩኸቱን በጆሮ ውስጥ የታሰረ ነፋስ የሚያመጣው ነው ብለው ስላመኑ፥ ነፋሱን ለማስወጣት ዘይት ያንጠባጥቡ፥ ጢስ ያጥኑ፥ ደም ያፈሱ ነበር። ፈረንሳዊው የአካላት ሊቅ ጊሻር ዦዜፍ ዱቬርኔ በ1683 ዓ.ም. ስለ ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጩኸት ከጆሮ ደዌ ብቻ ሳይሆን ከአንጎልም ሊመጣ እንደሚችል አሰበ፤ ይህም ለዘመኑ እጅግ የሰፋ አስተያየት ነበር፥ ነገር ግን ለሕሙማኑ ያመጣላቸው ዕረፍት አልነበረም።

ሐሳቡን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የፓሪሱ ሐኪም ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር ነው። ኢታር በ1774 ዓ.ም. በፕሮቫንስ ተወልዶ፥ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በወታደር ሐኪምነት ከሠራ በኋላ፥ በፓሪስ መስማትና መናገር የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ተቋም ሐኪም ሆነ። በአቬሮን ጫካ የተገኘውን፥ በኋላም ቪክቶር የተባለውን ብላቴና ቃል ለማስተማር ዓመታት የደከመው እርሱ ነው። ንግግር የሌለውን ልጅ በትዕግሥት የተመለከተ ይህ ሰው፥ ሌላ ማንም የማይሰማውን ድምፅ እንሰማለን የሚሉትንም ሕሙማን በዚያው ትዕግሥት አደመጣቸው፤ በ1821 ዓ.ም. በሁለት ቅጽ ባሳተመው፥ ስለ ጆሮና ስለ መስማት ደዌያት በሚናገረው መጽሐፉም የጆሮን ጩኸት እውነተኛና ሐሰተኛ ብሎ ለሁለት ከፈለው። እውነተኛ ያለው፥ እንደ ደም ሥር ትርታ ያለ በሰውነት ውስጥ በእርግጥ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሲኖር ነው፤ ሐሰተኛ ያለው ምንም ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሳይኖር የሚሰማው ነው። ሐሰተኛ ማለቱ ሕመምተኛው ይዋሻል ማለቱ እንዳልነበረ ግን፥ ለእነዚሁ ሕሙማን ያዘጋጀው ምክር ይመሰክራል።

ኢታር አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱን ራሱን ማዳን እንደማይቻል በግልጥ ተናገረ፤ ሐኪም ይህን መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ማዳን ካልተቻለ ሕመምተኛው ቢያንስ ይተኛ ዘንድ፥ ሌሊት ጸጥታ ሲሆን ጩኸቱ እጅግ ይበረታልና፥ ከጩኸቱ ጋራ የሚመሳሰል ድምፅ ከውጭ እንዲፈለግለት መከረ። ጩኸቱ እንደ ነፋስ የሚያጓራበት ሰው በምድጃ በሚንቀለቀል እሳት አጠገብ ይቀመጥ፤ የሚያፏጭበት ሰው፥ እርጥብ እንጨት ሲነድ ከጫፉ እንፋሎት እየወጣ ስለሚያፏጭ፥ እርጥብ ግንድ ከእሳቱ ይጨምር፤ እንደ ደወል የሚያቃጭልበት ሰው ደግሞ በመኝታው አጠገብ የመዳብ ገንዳ ያኑር፥ ከበላዩም በጠባብ ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ የውኃ ዕቃ ያንጠልጥል። ይህ ሁሉ ላልበቃው ሰው ኢታር የውኃ ወፍጮ አጠገብ መኖርን እንኳ ያመለክት ነበር። አንድ የከተማ ሰው ቤቱን ትቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲፈጭ፥ ውኃ በመዘውር ላይ ሲወርድ ወደሚያድርበት ስፍራ እንቅልፍ ፍለጋ ሲሄድ በዓይነ ኅሊናችን ብንመለከት፥ የሕመሙን ጽናት ከብዙ የሐኪም ቃል ይልቅ እንረዳለን። ኢታር ከጥንቱ ፈላስፋ የሚለየው ብርታትን ብቻ ሳይሆን መመሳሰልን በመፈለጉ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጩኸት የራሱን መልስ ሰጠው፤ እንዲህ ያለውን የድምፅ ምርጫ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሐኪሞች እንደ ገና ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በዚያው ዘመን ደዌው ታላላቆቹን የሙዚቃ ሰዎች አልማረም። ቤትሆቨን በ1801 ዓ.ም. ለወጣትነት ወዳጁ ለሐኪሙ ቬግለር በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ሌሊትና ቀን እንደሚያፏጭና እንደሚያጓራ ገልጧል። የቼክ ሕዝብ የዜማ አባት ስሜታና በ1874 ዓ.ም. ጆሮው ፈጽሞ ከደነቈረ በኋላ፥ በ1876 ዓ.ም. «ከሕይወቴ» ብሎ በሰየመው ለአራት የክር መሣሪያዎች በተደረሰ ሥራው፥ በመጨረሻው ክፍል የደስታው ዜማ በድንገት ተቋርጦ አንደኛው ቫዮሊን ብቻውን አንድ እጅግ ቀጭን ድምፅ ይዞ እንዲቆይ አደረገ። ያ ቀጭን ድምፅ መደንቈሩን ያስታወቀው የጆሮው ጩኸት ነው፤ በዚህም ምክንያት ምስክር የማይገኝለት ደዌ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተሰማ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሃያኛው መቶ ዓመት ሲጠባ፥ በአሜሪካ በሜይን ግዛት በምትገኘው በፖርትላንድ ከተማ የነበረው የጆሮ ሐኪም ጄምስ ስፖልዲንግ፥ በ1903 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ሐኪሞች የሕሙማንን ጩኸት «ያፏጫል» «ያጓራል» እያሉ በግምት ከመጻፍ ይልቅ በሙዚቃ ምልክት በትክክል እንዲመዘግቡት ተማጠነ። እርሱ ራሱ በፒያኖ ቍልፎች ላይ የሕመምተኛውን ጩኸት የሚመስለውን ድምፅ ፈልጎ ካገኘ በኋላ፥ ጩኸቱ እስኪሰወር ድረስ ያንኑ ድምፅ ያሰማው ነበር። መሣሪያው የቤት ፒያኖ ነበር እንጂ ሥራው ፍጹም የሳይንስ ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም ምስክር የሌለው ድምፅ በዚህ መንገድ ስምና ልክ አግኝቷልና።

ልክ የማውጣቱን ሥራ ያሰፋው ኤሌክትሪክ ነው። በሎስ አንጀለስ ሐኪሙ አይዛክ ጆንስና የድምፅ ሊቁ ቨርን ክኑድሰን በ1928 ዓ.ም. ስለ ጩኸቱ ሕክምና ባሳተሙት ጽሑፍ በአልጋ አጠገብ ተቀምጦ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስተዋወቁ፤ የኢታር የመዳብ ገንዳ በሽቦ ተተካ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1931 ዓ.ም.፥ በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረውና ራሱም ጆሮው የሚጮህበት ሬይመንድ ዌግል የገዛ ጆሮውን መረመረ። እርሱ ከዚያ በፊት አንድ ድምፅ ሌላውን እንዴት እንደሚሸፍን በማጥናት የታወቀ ሊቅ ነበርና፥ የሁለት እውነተኛ ድምፆችን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም በቅጥነታቸው እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች አንድነት ሲሰሙ፥ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል መወዛወዝ ያመጣሉ። ዌግል ከጆሮው ጩኸት ጋራ የሚቀራረብ ድምፅ ባሰማ ጊዜ ይህን መወዛወዝ አላገኘውም። የውጭው ድምፅ ጩኸቱን ይሰውረዋል፥ ነገር ግን ድምፅ ከድምፅ ጋራ እንደሚገናኝ አይገናኘውም። በዚህ ጊዜ የጥንቱ ማብራሪያ የመጀመሪያውን ስንጥቅ አገኘ፤ በጆሮ ውስጥ የሚታገሉ ሁለት ድምፆች ከሌሉ፥ ያሉት አንድ ድምፅና አንድ ሌላ ነገር ናቸውና።

ሁለተኛውን ስንጥቅ ያመጣው የኒው ዮርኩ ሐኪም ኤድመንድ ፕሪንስ ፋውለር ነው። ሕሙማኑ ጩኸታቸውን ከባቡርና ከፋብሪካ ጋራ እያስተያዩ ሲያስረዱት፥ ፋውለር ከእነርሱ ጩኸት ጋራ እኩል የሆነ የውጭ ድምፅ በመሣሪያ እየፈለገ ለካው፤ ያገኘውም ነገር አስደናቂ ነበር። ያ ሰውን እንቅልፍ የሚነሣ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሊሰማው ከሚችለው የመጨረሻ ትንሽ ድምፅ በላይ ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ከሹክሹክታ የማይበልጥ ነው። በ1942 ዓ.ም. ስለዚህ የጩኸት ትልቅነት ምትሐት ጻፈ። እንግዲህ ሥቃዩ ከድምፁ ብርታት ካልመጣ፥ ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ መልሱን ለማግኘት ግማሽ መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

በመካከሉ የነበሩትን ሁለት ሥራዎች በአጭሩ ልጥቀስ። በ1947 ዓ.ም. ሳልትዝማንና ኤርስነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የመስሚያ መሣሪያ ራሱ ጩኸትን እንደሚያስታግሥ ጻፉ፤ የጠፋው የዓለም ድምፅ ወደ ጆሮ ሲመለስ የውስጡ ይደበዝዛል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ሄለርና በርግማን መስማታቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ድምፅ በማይገባው ክፍል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲጽፉ አደረጓቸው፤ ከመቶው 94ቱ የሚያፏጭ፥ የሚያጓራ ወይም የሚያንሾካሹክ ነገር ሰማን አሉ። ፍጹም ጸጥታ በተሰጠው ጊዜ ጤነኛው ጆሮ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይጮሃል ማለት ነው። ይህን ካወቅን በኋላ፥ ሕመምተኛውን «ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ» ብሎ መምከር ምን ያህል የሚጐዳ እንደ ሆነ ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻም።

በ1971 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ፌልድማን ምርመራውን ወደ ፍጻሜ አደረሰው። ልዩ ልዩ ድምፆችን እያሰማ የብዙ ሕሙማንን ጩኸት ሲሸፍን፥ አንዳንዱ ጩኸት ከእርሱ ጋራ በሚመሳሰል ድምፅ ብቻ፥ አንዳንዱ በማናቸውም ድምፅ፥ አንዳንዱ በብርቱ ድምፅ ብቻ እንደሚሸፈን፥ ከመቶው 11 ያህሉ ግን በምንም ድምፅ እንደማይሸፈን አሳየ። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፥ ድምፁ በሚጮኸው ጆሮ መሰማቱ ቀርቶ በሌላው፥ በጤነኛው ጆሮ በኩል ሲሰማም ጩኸቱ ሊሸፈን መቻሉ ነው። ትግሉ በጆሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ ሽፋኑ የሚፈጸመው የሁለቱ ጆሮዎች መንገድ በሚገናኝበት፥ በአንጎል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሌላይቱ ፖርትላንድ፥ በምዕራብ በኦሬጎን ግዛት ወዳለችው እንሻገር። በዚያ በሕክምና ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረው ጃክ ቨርኖን ሐኪም ሳይሆን የመስማት ምርመራ ሊቅ ነበር፤ ከዚያ አስቀድሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን ብርሃንና ድምፅ በማይገባበት ክፍል ለቀናት እያኖረ፥ ስሜት ሁሉ ሲነጠቅ ልቡና ምን እንደሚሆን መርምሮ በ1963 ዓ.ም. ስለዚሁ ጥቁር ክፍል መጽሐፍ አሳትሟል። ጸጥታ ለሰው ሁልጊዜ ወዳጁ እንዳልሆነ ከሌላው ይልቅ የተረዳ ሰው ስለ ነበረ፥ የሚቀጥለው ነገር በእርሱ ፊት መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ቻርልስ ዩኒስ የሚባል፥ በካሊፎርኒያ የሚሠራና ራሱም በጆሮ ጩኸት የሚሠቃይ ሐኪም ስለዚህ ደዌ ምርመራ እንዲደረግ ይጣጣር ነበርና፥ በ1971 ዓ.ም. የአሜሪካ የቲኒተስ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ከቨርኖንም ጋራ ተወዳጀ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ውስጥ በአንድ ቀን ሁለቱ በፖርትላንድ መካከል በእግራቸው ሲሄዱ፥ ላቭጆይ ወደሚባለው ፏፏቴ ደረሱ። ይህ ፏፏቴ በ1966 ዓ.ም. ሎረንስ ሃልፕሪን የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አስመስሎ በሲሚንቶ የሠራው ነው፤ ውኃው እንደ ገደል ባሉት ደረጃዎች ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይወርዳል፥ ድምፁም አንድ ዜማ የሌለው፥ ቀጭኑም ወፍራሙም በአንድነት የተቀላቀለበት ሰፊ ሽውታ ነው። ዩኒስ በዚያ ቆመ፤ ቨርኖን መንገዱን ሊቀጥል ሲል ጓደኛው አልተከተለውም። በውኃው አጠገብ የጆሮው ጩኸት ፈጽሞ አልተሰማውምና፥ ከዚያ ስፍራ መንቀሳቀስ አልፈለገም። ቨርኖን ይህን ሲያይ ሰውየውን ወደ ውኃው ማምጣት ሳይሆን ውኃውን ወደ ሰውየው ማምጣት እንደሚገባ አሰበ፤ የፏፏቴን የመሰለ ሽውታ የሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሥራ ከጆሮ ኋላ በሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ቅርፊት ውስጥ ገባ፤ ሕመምተኛውም በኪሱ ሳይሆን በጆሮው ላይ ፏፏቴ ይዞ ይሄድ ጀመር።

ቨርኖን በ1977 ዓ.ም. ሙከራውን ጽፎ አወጣ፤ በፖርትላንድም የጆሮ ጩኸት ብቻ የሚታከምበት ክሊኒክ ተከፈተ። በዚያ ሕመምተኛው ከመሣሪያ ፊት ይቀመጣል፤ መርማሪው ቀጭንና ወፍራም ድምፅ እያፈራረቀ «ከጩኸትህ ጋራ የሚመሳሰለው የትኛው ነው?» እያለ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ጩኸቱን ለመሸፈን የሚበቃውን ትንሹን ድምፅ ይለካል፤ ቀጥሎ ድምፁን ጥቂት ከፍ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ካሰማው በኋላ ድንገት ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ በብዙዎቹ ላይ፥ ድምፁ ከተዘጋ በኋላም እንኳ ጩኸቱ ለሴኮንዶች ወይም ለደቂቃዎች ጠፍቶ ይቆይ ነበር፤ ለዓመታት ጸጥታ ያልሰማ ሰው ጸጥታን ይሰማል። መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊትም ቨርኖን ሕሙማኑን በቤታቸው የወጥ ቤት ቧንቧ ከፍተው እንዲያዳምጡ ይመክራቸው ነበር፤ የሚፈስሰው ውኃ ጩኸቱን ከሸፈነላቸው መሣሪያውም ሊረዳቸው ይችላል ማለት ነው። የምርመራ ሊቅ ሆኖ ሳለ ለድኻም ለባለጠጋም የሚሆን፥ ምንም ዋጋ የማያስከፍል መፈተኛ ማሰቡን እጅግ አደንቅለታለሁ።

በዚሁ ዘመን ሌላ መራራ ማስረጃ መጣ። የጆሮ ነርቭ ላይ በበቀለ ዕጢ ምክንያት ነርቫቸው ተቈርጦ በወጣ ሕሙማን ላይ የተደረገውን ጥናት ሐውስና ብራክማን በ1981 ዓ.ም. ሲገልጡ፥ ከመቶው 40 ያህሉ ጩኸታቸው እንደ ተሻላቸው፥ 50 ያህሉ ግን እንደ ባሰባቸው ተናገሩ። ከጆሮ ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ ተቈርጦ ሳለ ጩኸቱ ከቀጠለ፥ ምንጩን በጆሮ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

መሸፈኛው መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በዚያ ጆናታን ሄዝልና ሌሎች ሐኪሞች በብዙ ሕሙማን ላይ ፈተኑት። ብዙዎች ዕረፍት አገኙበት፤ ሌሎች ግን አንዱን ጩኸት በሌላ ጩኸት መለወጥ ሆነባቸው፤ መስማታቸው እጅግ የተጐዳው ደግሞ ጩኸቱን የሚሸፍነው ድምፅ ራሱ የማይቻል እየሆነባቸው መሣሪያውን አወለቁት። በ1984 ዓ.ም. በለንደን ሃላም፥ ራክማንና ሂንችክሊፍ ነገሩን ከሥነ ልቡና በኩል ተመለከቱት፤ አብዛኛው ጆሮው የሚጮህበት ሰው እንደማይሠቃይ፥ ጩኸቱንም እንደ ሰዓት ምት ለምዶ እንደሚረሳው አይተው፥ መጠየቅ የሚገባው ሌላው ሰው ስለ ምን መልመድ እንዳቃተው መሆኑን አመለከቱ። የፋውለር ጥያቄ እዚህ መልስ መቀበል ጀመረ።

መልሱን የነርቭ ሥርዓት ያደረገለት ትውልደ ፖላንዳዊው ፓቬል ያስትረቦፍ ነው። በ1990 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጩኸቱ በነርቭ መንገድ ላይ የሚነሣ ደካማ ምልክት እንደ ሆነ፥ ሥቃይ የሚያደርገው ግን አንጎል ይህን ምልክት የአደጋ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ሲቈጥረው፥ የፍርሃትና የጭንቀት ክፍሎች ስለሚነሡ መሆኑን አስረዳ። ከሄዝል ጋራ በመተባበር በ1993 ዓ.ም. ይህን ትምህርት ወደ ሕክምና ለወጡት፤ አንደኛ ሕመምተኛው የጩኸቱን ምንነት በሰፊው ይማራል፥ ሁለተኛ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ያህል በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ለስለስ ያለ ድምፅ ያዳምጣል። ድምፁ ግን ጩኸቱን መሸፈን የለበትም፤ ጩኸቱ እየተሰማ ከድምፁ ጋራ መደባለቅ ከሚጀምርበት ልክ በታች ይቆማል፤ አንጎል የማይሰማውን ነገር ሊለምድ አይችልምና። በጨለማ ክፍል ውስጥ የበራች አንዲት ጧፍ ዓይንን ሁሉ ወደ ራሷ ትስባለች፤ መብራቱ ሁሉ ሲበራ ግን ጧፏ ሳትጠፋ የሚያያት አይኖርም፤ የእነርሱም ሐሳብ ይህ ነበር። እነሆ፥ ድል የብርቱው ነው የሚለው የጥንቱ ማብራሪያ በዚህ ፈጽሞ ተገለበጠ፤ የውጭው ድምፅ ጠላትን የሚያባርር ኀይል መሆኑ ቀርቶ ፍርሃትን የሚያስረሳ ጓደኛ ሆነ።

አዲሱ ሥርዓት በመጣ ጊዜ በሽፋን ወገንና በመልመድ ወገን መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። በዚያችው በኦሬጎን ፖርትላንድ ጄምስ ሄንሪና ጓደኞቹ 123 የጦር ጡረተኞችን ለ18 ወራት ተከታትለው በ2006 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጡ፥ ሁለቱም ወገኖች እንደ ተሻላቸው፥ የሽፋኑ ጥቅም ፈጥኖ መጥቶ ባለበት ሲቆይ፥ የመልመዱ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደ ጨመረ ታየ። በ2018 ዓ.ም. ግን ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ማኅበር የተደረጉትን ሙከራዎች አመዛዝኖ፥ ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያም ሆነ የመስሚያ መሣሪያው አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ አላገኘም። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ 151 የጦር ሠራዊት ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በተካፈሉበት ሙከራ፥ ከፊሎቹ ትምህርቱንና እውነተኛ መሣሪያ፥ ከፊሎቹ ትምህርቱንና ድምፁ እየደከመ የሚጠፋ መሣሪያ፥ ከፊሎቹም የተለመደውን ሕክምና ቢያገኙ፥ ሦስቱም ወገኖች ተሻላቸው፥ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ሰምቶ የድምፅ ሕክምና ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ቸኵሏል እላለሁ። ሦስቱም ወገን ያገኙት አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ደዌውን የሚያውቅ፥ ያሉትን የሚያምን፥ ጊዜ ሰጥቶ የሚያስረዳ ሐኪም ነው። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ትምህርትና ምክርን፥ መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስሚያ መሣሪያን፥ ለሚሠቃየውም ሐሳብና ጠባይን የሚያርም የሥነ ልቡና ሕክምናን አዘዘ፤ ድምፅን ግን ለፈለገ ሰው የሚቀርብ ረድኤት አድርጎ በፈቃድ ተወው። በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ስፍራው ይህ ነው፤ ድምፁ ፈዋሽ ነው ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ሕመምተኛ ይበደላል፥ ድምፁ የተከለከለውና በሌሊት ጸጥታ ብቻውን የተተወውም ይበደላል።

ለጦር ጡረተኞች የተሰናዳው የሄንሪና የባልደረቦቹ ሥርዓት ዛሬ የሚሠራው በዚህ መንፈስ ነው። ለሕመምተኛው አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በወረቀቱ ላይ ጩኸቱ እጅግ የሚያስቸግረው መቼ እንደ ሆነ፥ እንቅልፍ ሲፈልግ ነው ወይስ መጽሐፍ ሲያነብ፥ አስቀድሞ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓይነት ድምፅ ይመርጣል፤ መንፈስን የሚያሳርፍ፥ እንዲያው ከኋላ ሆኖ ጸጥታውን የሚሞላ፥ ወይም እንደ ንግግርና እንደ ትረካ አሳብን የሚስብ። የሚያሰማው መሣሪያ ሬዲዮ ይሁን፥ የቤት ማራገቢያ ይሁን፥ የእጅ ስልኩ ይሁን፥ ምርጫው የእርሱ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሞከረው በኋላ እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደ ጠቀመው በገዛ እጁ ይመዘግባል፤ ያልጠቀመውን ሰርዞ በምትኩ ሌላ ይጽፋል።